ላሠራ ወይስ የተሠራ ልግዛ? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ከመምረጥዎ በፊት ደረጃ በደረጃ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመያዝ ያሰበ ሰው ዘመድ ወዳጁን ሲያማክር ከሁለት ምክር አንዱን መስማቱ አይቀርም። አንዱ «ቦታ ፈልግና በልክህ አሠራ፤ ሪል እስቴት ገንዘብህን ይዞ ይቀራል» ይለዋል። ሌላው «ከኮንትራክተር ጋር ስትጨቃጨቅ ዕድሜህ ያልቃል፤ የተሠራ ግዛ» ይለዋል። ሁለቱም የሚናገሩት የደረሰባቸውን ነው፤ የእርስዎን ኪስና የእርስዎን ጊዜ ግን አያውቁም። ይህ መመሪያ ከቪላ እስከ ጂ ፕላስ 2 ድረስ ያለ መኖሪያ በማሠራትና ከአልሚ፣ ማለትም ቤት ሠርቶ ከሚሸጥ የሪል እስቴት ድርጅት፣ አዲስ ቤት በመግዛት መካከል ለሚያመነታ ሰው የተጻፈ ነው። አገር ቤት ላለም፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገንዘብ ለሚልክም ይሆናል።

ደረጃ 1፦ «አዲስ ቤት» የተባለው በእርግጥ ቤት መሆኑን ይለዩ

ምርጫው ሁለት ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ከአልሚ የሚገዛ አዲስ ቤት ሲባል በጣም የተለያዩ ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው ዛሬ ገብተው ቧንቧውን የሚከፍቱበት፣ ቁልፉን ተቀብለው ነገ ዕቃዎን የሚያስገቡበት ቤት ነው። ሁለተኛው በሽያጭ ቢሮ ግድግዳ ላይ በሥዕል የሚያዩት፣ መሬቱ ገና የሚቆፈር ቤት ነው። በከተማችን በማስታወቂያ በብዛት የሚሸጠው ይህ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱ በሕግም የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2876 ላይ፣ ገና ያልተሠራ ቤት ወይም አፓርታማ ለማስረከብ የሚደረግ ውል የሽያጭ ውል እንዳልሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ በሥዕል የገዛ ሰው በሕግ ዓይን ቤት አሠሪ ነው። ሲሚንቶው ስንት እንደገባ አያይም፣ ፎርማኑን አያዝም፣ ገንዘቡን ግን እንደ ማንኛውም አሠሪ ቀድሞ ይከፍላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። በአክሰስ ሪል እስቴት ገንዘባቸውን የከፈሉ ከሺህ በላይ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩበት ጉዳይ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አገር ያወቀው ነው።

የእኔን አስተያየት ከፊቱ ልናገር። ገንዘቡ በእጅዎ ካለ ያለቀ ቤት ይግዙ። ገንዘቡ በየጊዜው የሚመጣ ከሆነና ሳይት ላይ የሚቆም ሰው ካለዎት ያሠሩ። በሥዕል ያለ ቤት በሦስተኛ ደረጃ የሚታሰብ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ ያሉት ነገሮች ካልተሟሉ ጭራሽ አይግቡበት።

ደረጃ 2፦ ሳይት ላይ ማን እንደሚቆም በስም ይጻፉ

ብዙ ሰው ማሠራትን የሚመርጠው ዲዛይኑን አስቦ ነው፤ ሰፊ ሳሎን፣ የውጭ ማድ ቤት፣ ለእናት የሚሆን ምድር ቤት መኝታ። ይህን ሁሉ አርክቴክት በወረቀት ያወጣዋል። ማሠራት የሚቻል መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን በየቀኑ ሳይት ላይ የሚገኝ ሰው ነው። ወረቀት ያውጡና ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሰው ስም ይጻፉ፦

- ማቴሪያል ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግበው ማን ነው?
- ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን አይቶ «ሙሉ» የሚለው ማን ነው?
- ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው?

ሦስቱም መልሶች አንድ ስም ከሆኑ ችግር አለ። ያ ሰው ደግሞ የኮንትራክተሩ ወዳጅ ወይም «ኧረ እኔ እከታተልልሃለሁ» ያለ ሥራ የበዛበት የአጎት ልጅ ከሆነ የባሰ ነው። ዘመድ ገንዘብ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል፤ ፌሮ የሚያይ ግን ደመወዝ የሚከፈለው ሱፐርቫይዘር መሐንዲስ ይሁን። ወረቀቱ ላይ የስሙ ቦታ ባዶ ከቀረ ማሠራቱን ይተዉት።

ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች ውክልና ላይ ይጠንቀቁ። በኤምባሲ ተረጋግጦ የሚላክ ውክልና ብዙ ጊዜ ከአንድ ቅጂ የተወሰደ ስለሆነ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉ ቃላት ገብተውበት ይገኛሉ። ግንባታ ለሚከታተል ሰው ይህ ሥልጣን አያስፈልገውም። ፈቃድ ማውጣት፣ የግንባታ ውል መፈረም፣ ውኃና መብራት ማስገባት ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ ይበቃል። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቤት በስማቸው መያዝ ስለሚችሉ፣ በወንድም ወይም በእህት ስም የማስያዝ የድሮ ልማድ አሁን ምክንያት የለውም። ስንቱን ቤተሰብ እንዳጣላ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደረጃ 3፦ መሬቱን ከቤቱ በፊት ይመርምሩ

ይህ ደረጃ ለሦስቱም ምርጫ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚተላለፈው በላዩ ያለው ቤትና የይዞታ መብቱ ነው። ከዚህ የተነሳ የሚከተሉት ነገሮች የዋጋ ጥያቄዎች ናቸው።

ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ የጠራው ዋጋ ላይ የሊዙ ክፍያ ስለማይታይ ብዙ ገዢ በኋላ ነው የሚደነግጠው። ሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለው ዕዳ ስንት እንደሆነና ግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ተብሎ በሊዝ ውሉ የተቀመጠው ጊዜ ማለፍ አለማለፉን ይጠይቁ።

ባዶ ቦታ «በሊዝ የተያዘ» ተብሎ ሲቀርብልዎት ይቁሙ። ግንባታው ያልተጀመረ ወይም ከግማሽ ያላለፈ የሊዝ ቦታን ማስተላለፍ አዋጁ የገደበው ነገር ነው፤ ሻጩ የሚያገኘው ጥቅም የተወሰነ፣ አካሄዱም በመንግሥት አካል ክትትል ሥር ነው። ደላላው «በውክልና እንጨርሰዋለን» ካለዎት እየሸጠልዎት ያለው ቦታውን ሳይሆን የሰውየውን መልካም ፈቃድ ነው።

ካርታውን ፎቶ ኮፒ አይተው አይመለሱ። ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ካርታው ከፋይሉ ጋር መመሳሰሉን፣ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት ዕገዳ ነፃ መሆኑን፣ ቦታው በመንገድ ወይም በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ አለመግባቱን ያረጋግጡ። ለማሠራት ከሆነ ቦታው ላይ ምን ያህል ፎቅ እንደሚፈቀድ የሚነግርዎት የፕላን ስምምነት ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ቪላ አይፈቀድም፣ ዝቅተኛው የፎቅ ቁጥር ተወስኗል። ዲዛይን ካሠሩ በኋላ ይህን መስማት ገንዘብ መጣል ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ካልሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። ውሉ ውልና ማስረጃ ሳይመዘገብ ገንዘብ አይቁጠሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት መደረግ አለበት ይላል። ሦስት ምስክር የፈረመበት የመንደር ውል ለፍርድ ቤት ክርክር መነሻ ከመሆን አያልፍም።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን ዋጋ አንድ ልክ ላይ አምጥተው ያወዳድሩ

«ማሠራት በግማሽ ያልቃል» የሚለው ወሬ የሚመጣው የስትራክቸር፣ ማለትም የመሠረት፣ የኮለንና የሶሌታ፣ ዋጋን ካለቀ ቤት ዋጋ ጋር ከማወዳደር ነው። ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ከተሞላ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለትም ልስን፣ ሴራሚክ፣ አልሙኒየም፣ ጂፕሰም፣ የመታጠቢያ ዕቃ፣ የማድ ቤት ካቢኔት፣ ከስትራክቸሩ ያላነሰ ገንዘብ ይበላል። በከተማው ዙሪያ ኮለናቸው ቆሞ ፌሮአቸው የዛገ ቤቶች ባለቤቶቻቸው ይህን ያልቆጠሩ ናቸው።

ለማሠራት ሲቆጥሩ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያስቀምጡ፦ የቦታው ዋጋና የሊዝ ክፍያ፣ የአፈር ምርመራ፣ ዲዛይንና ፈቃድ፣ ስትራክቸር፣ ፊኒሺንግ፣ አጥርና በር፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ ሮቶና ፓምፕ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪ፣ የሱፐርቫይዘር ክፍያ፣ ግንባታው እስኪያልቅ የሚከፍሉት የቤት ኪራይ። በዚህ ላይ ቢያንስ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይጨምሩ። እኔ 20 በመቶ ብል ደስ ይለኛል።

ለመግዛት ሲቆጥሩ የሚጠይቁት ሌላ ነው። የተነገረዎት ካሬ ግሮስ ነው ኔት? ደረጃውንና ኮሪደሩን አከፋፍሎ የሚቆጥር ካሬ ሲለካ ክፍሎችዎ ያጥራሉ፤ የውስጥ ስፋቱ በውል ይጻፍ። ዋጋው ቫት ጨምሮ ነው? የመኪና ማቆሚያው ተካቷል? ርክክቡ ሙሉ ፊኒሽድ ነው ወይስ ሰሚ ፊኒሽድ? የመጨረሻው በተለይ ቤቱን ርካሽ የሚያስመስለው ነው። ስም ሲዛወር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዳለም አይርሱ።

የምንዛሪ ነገር በሁለቱም በኩል አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሊፍት፣ አልሙኒየም፣ ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ፌሮ የሚቀለጥበት ብረት ሳይቀር ከውጭ ስለሚገባ የቤት ዋጋ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከአልሚም ከኮንትራክተርም ጋር «ዋጋ ቢጨምር ማን ይሸከማል?» የሚለው በቁጥር ይጻፍ። «በስምምነት ይስተካከላል» የሚል ሐረግ ጭማሪውን እርስዎ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ባንክ ብድር ካሰቡ ደግሞ ባንኮች በዋስትና የሚይዙት ካርታ ያለውን ነገር ነው። ያለቀ ቤት ለዚህ ይመቻል። በሥዕል ላይ ያለ ቤት ግን ካርታው በአልሚው ስም ስለሆነ መንገዱ ይጠባል።

ደረጃ 5፦ ለማሠራት ከወሰኑ

መጀመሪያ አፈሩን ያስመርምሩ። ቦሌ፣ ሲኤምሲና አቃቂ አካባቢ የሚበዛው መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። መፍትሔው መረሬውን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ወይም ፉቲንጉን (የኮለኑን የመሠረት እግር) ወደ ጠንካራው መሬት ማውረድ ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚነግረው የምርመራው ውጤት እንጂ ግንበኛው አይደለም። ጎረቤትዎ ሳይመረምር ሠርቶ ቤቱ አልተሰነጠቀም ማለት የእርስዎም አይሰነጠቅም ማለት አይደለም፤ መረሬ በአንድ ሰፈር ውስጥ ጥልቀቱ ይለያያል።

ቀጥሎ የውሉን ዓይነት ይምረጡ። ሁለት አለ። በእጅ ዋጋ ሲያሠሩ ማቴሪያሉን እርስዎ ይገዛሉ፣ ሠራተኛው ለጉልበቱ ይከፈለዋል። ርካሽ ነው፤ ግን ሲሚንቶ ሲጠፋ፣ ብሎኬት ሲሰበር፣ አሸዋ በዝናብ ሲታጠብ ኪሳራው የእርስዎ ነው። ከነማቴሪያሉ ሲሰጡ አንድ ኮንትራክተር ሁሉንም ይይዛል፤ ያተርፍብዎታል፣ ራስ ምታቱን ግን ይወስዳል። አደጋው ፌሮ በማሳነስና ሲሚንቶ በመቆጠብ የሚያተርፍ መሆኑ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ስትራክቸሩን በእጅ ዋጋ፣ ጊዜ የሌለው ደግሞ ከነማቴሪያሉ በጠንካራ ሱፐርቫይዘር ቢያሠራ ይሻላል። ውጭ አገር ሆኖ በእጅ ዋጋ ማሠራት ግን ከሁሉም የከፋው ነው።

በየትኛውም ዓይነት ውል ክፍያ ከሥራ ጋር እንጂ ከቀን ጋር አይታሰር። ፉቲንግና ግሬድ ቢም (የመሠረት ማሰሪያው) ሲያልቅ ይህን ያህል፣ የመጀመሪያው ሶሌታ ሲሞላ ይህን ያህል፣ ብሎኬት ሲያልቅ ይህን ያህል። የመጨረሻው ክፍያ ትንሽ አይሁን፤ ኮንትራክተሩን በርና መስኮት እንዲገጥም የሚመልሰው እሱ ነው።

ጊዜውን ከክረምቱ ጋር ያስማሙ። ቁፋሮ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ቢጀመር፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ጣሪያ ሊለብስ ይችላል። በሐምሌ የተከፈተ የመሠረት ጉድጓድ ውኃ ይሞላና የተቆረጠው ግድግዳ ይናዳል፣ ለፓምፕና ለድጋሚ ቁፋሮ ይከፍላሉ።

ሳይት ላይ ሱፐርቫይዘሩ ምንም ቢል እርስዎ ራስዎ ሊያዩዋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን ከስትራክቸር ወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ ተብሎ የተጻፈ ቦታ ባለ 12 ገብቶ ከሆነ፣ የስታፋው (ፌሮውን የሚያቅፈው ቀለበት) ርቀት ሰፍቶ ከሆነ፣ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ማን ያያል? ፎቶ ያንሱ፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩ የውኃና የመብራት መስመሮችንም ሜትር አስቀምጠው ያንሱ። ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ሲፈስ ሴራሚኩን ሁሉ ከመፈንቀል ያድንዎታል።

ኮንክሪት ሲቦካ ውኃ ሲበዛበት ይከታተሉ። ሠራተኛ ውኃ የሚጨምረው ለመግፋት ስለሚቀለው ነው፤ ጥንካሬው ግን ይወርዳል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ። ቅዳሜ ተሞልቶ እሑድ ማንም ሳያጠጣው የዋለ ሶሌታ የተለመደ ነገር ነው፤ እሑድ ማን እንደሚያጠጣ ቅዳሜውኑ ይወስኑ።

ደረጃ 6፦ በሥዕል ያለ ቤት የግድ ከሆነ

ሳይቱን በሥራ ቀን ሄደው ይዩ። ክሬን መቆሙ ሳይሆን ሠራተኛ መኖሩ ነው የሚታየው። አልሚው ከዚህ በፊት ያስረከበው ሕንፃ የት እንዳለ ጠይቀው ይሂዱና ከጥበቃውና ከነዋሪው ጋር ያውሩ። ሊፍቱ ይሠራል? ውኃ ስንት ቀን ይመጣል? ካርታ በየስማችሁ ወጣ? የመጨረሻው ጥያቄ ሲጠየቅ ነዋሪዎቹ ዝም ካሉ ወይም ከሳቁ መልሱን አግኝተዋል። ባልና ሚስት ሆነው ቢሄዱ ሰው በቀላሉ ያዋራዎታል።

ከሪል እስቴት የሚሸጥ ቤትን የሚመለከት አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷልና አልሚው የሥራ ፈቃዱን ያሳይዎት። መሬቱ በባንክ ዕዳ ተይዞ ከሆነ ዕዳው ከእርስዎ ክፍያ በፊት እንዴት እንደሚነሳ በጽሑፍ ይጠይቁ። ውሉ ውስጥ የማይታለፉ አራት ነገሮች አሉ፦ ክፍያው በግንባታው ደረጃ የሚታሰብ መሆኑ፣ የርክክብ ቀን በቀንና በዓመተ ምሕረት መጻፉ፣ ለዘገየበት እያንዳንዱ ወር የሚከፍለው ቅጣት፣ እርስዎ ከውሉ ሲወጡ ገንዘብዎ የሚመለስበት ጊዜ። የሽያጭ ሠራተኛዋ «ይሄ ለሁሉም አንድ ነው፣ አይቀየርም» ካለችዎት ውሉን ይዘው ወደ ጠበቃ ይሂዱ። የጠበቃው ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው። «ዛሬ ካልከፈሉ ዋጋው ይጨምራል» የሚለውን ደግሞ ሰምተው ይለፉት።

ደረጃ 7፦ ያለቀ ቤት ሲያዩ

ከተቻለ በነሐሴ ይዩት። ጣሪያ፣ ቤዝመንትና የመታጠቢያ ቤት ጥግ እርጥበት ያኔ ነው የሚናገሩት። በበጋ ካዩት አዲስ ቅብ የተቀባ አንድ ጥግ ብቻ ካገኙ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። ቧንቧዎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይክፈቱ። መብራቱን በየሶኬቱ ስልክ ሰክተው ይሞክሩ። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ስለሚችል መሐንዲስ ያሳዩት፤ ልስን ላይ ያለ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ግን ብዙም አያስፈራም። የመጠቀሚያ ፈቃድ መውጣቱን ይጠይቁ። ቆጣሪው ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይዘጋ።

ደረጃ 8፦ ርክክብ

አሠርተውም ይሁን ገዝተው፣ ቁልፍ ሲቀበሉ ጉድለቱን ሁሉ የሚዘረዝር የርክክብ ሰነድ በሁለት ቅጂ ይፈራረሙ። በቃል «ይስተካከላል» የተባለውም በዚያው ላይ ይጻፍ፣ የሚስተካከልበት ቀንም ይኑረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 የሠራው ተቋራጭ ለሥራው አግባብነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይናገራል፤ በአፈሩ ጠባይ የመጣ ጉዳትም በዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ቀኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ከሥዕሎቹ፣ ከአፈር ምርመራው ውጤትና ከክፍያ ደረሰኞቹ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። የ10 ዓመቱ ቆጠራ የሚነሳው ከዚያ ቀን ነው።